ለአዴ ዘይነባ ያልሰጠኋት ቁራጭ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ስልኳን እየነካካች «አባባ፣ ጓደኞቼ ሁሉ ወልደው ፋታ አጥተዋል። ለእነሱ የሚሆን ምን መጽሐፍ ይመክሩናል?» አለችኝ። ትክክለኛውን ሰው ነው የጠየቀችው። ትምህርት ቤት ደጃፍ ብዙ ሳልረግጥ በራሴ ጥረት የተማርኩ ነኝ፤ በጭሮ ከእኔ የበለጠ ያነበበ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሆኖም መልስ ከመስጠቴ በፊት፣ በአገራችን ወግ «አዴ»፣ እናት፣ ብለን የምንጠራት አዴ ዘይነባ ትዝ አለችኝ።

ዘመኑ የደርግ፣ ከተማችን ጭሮም አሰበ ተፈሪ የምትባልበት ነበር። ገበያው ዳር መጽሐፍ አከራይ ነበርኩ። ወፍራም መጽሐፍ እናቶችን እንደሚያስፈራ ስላየሁ በምላጭ አራት ቦታ ቆርጬ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ በጆንያ መስፊያ ሰፍቼ አከራይ ነበር። ይህን ብልሃት ማንም አላሳየኝም። ጫት የሚያስሩት ሴቶች እጃቸው ሥራ ላይ ስለሆነ አንዷ ታነባለች፣ ሌሎቹ ያዳምጣሉ። አንባቢያቸው በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠረችው አዴ ዘይነባ ነበረች። የተቀቀለ ስኳር ድንች እየገመጠች፣ ቃሉን በጣቷ እየተከተለች ታነብላቸዋለች።

አንድ ክረምት የመረጥኩላቸው መጽሐፍ ልጇ ለጦርነት ስለሄደባት እናት ነበር። የአዴ ዘይነባ ልጅ አብዲም ከዘመተ ወራት አልፈውት ነበር። ሦስተኛውን ቁራጭ በጨረሰች ማግስት፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ጭቃውን እያቋረጠች መጣች።

«የመጨረሻውን ስጠኝ።»

«ቅዳሜ ነይ፣ አዴ። መጨረሻውን እኔ ራሴ አነብላችኋለሁ። እንደ እኔ አድርጎ የሚያነበው የለም።»

«አንተ ልጅ፣ አሁን ደግሞ ሸህ ሆንክብኝ?» ብላ ሳቀች። ወዲያው ሳቋ ጠፋ። «እሺ፣ አንዱን ብቻ ንገረኝ። ልጇ ይመለሳል?»

«ቅዳሜ» አልኳት። ገበያው ሁሉ ከቦኝ ሲያዳምጥ ይታየኝ ነበር።

ቅዳሜ ኮቴን ለብሼ ብቅ ስል ሴቶቹ ጫቱን አስቀምጠው ተቀምጠዋል። አዴ ዘይነባ የለችም። አርብ ዕለት የአብዲ መርዶ ደርሷት ወንድሟ ወደ ገለምሶ ወስዷታል። እኔም ሳላነብ ተመለስኩ።

በዓመቱ ቁራጩን ኮት ኪሴ ከትቼ ገለምሶ ወረድኩ። ገበያ ውስጥ ከአዲስ ጓደኞቿ ጋር ጫት ስታስር አገኘኋት።

«አዴ፣ ያንን መጽሐፍ...»

«ተወው። ለእነዚህ ከመጀመሪያው ጀምሬ በቃሌ አውርቼላቸዋለሁ።»

«መጨረሻውንስ?»

«መጨረሻውንም።»

«ምን ብለሽ?»

ቀና ሳትል እሥሩን አጠበቀች። «አልተመለሰም አልኳቸው።»

አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት «ምስኪን» ብላ ከንፈሯን መጠጠች።

በመጽሐፉ ግን ልጁ ይመለሳል። እናቱ ልብስ ስታሰጣ ከኋላዋ መጥቶ ይጠራታል። ያን ማክሰኞ ብሰጣት ኖሮ ሦስት ቀን ያንን ይዛ በኖረች ነበር። እጄን ከኪሴ ሳላወጣ ተሰናበትኳት።

ቁራጩ ዛሬም ሳጥኔ ውስጥ አለ፤ የጆንያ ክሩ እንኳ አልላላም። ለልጅ ልጄ አምስት መጽሐፍ በየተራ ጠራሁላትና «የፈለጋችሁትን ምረጡ፤ ለእናት ግን ስትሰጡ ሙሉውን ስጡ» አልኳት። እሷም ስልኳ ላይ የመጽሐፎቹን ስም ብቻ ጻፈች።