በሩ ሲከፈት የሚያቆም ዘፈን

ባለፈው እሁድ ቀይ መብራት ይዞን ከልጄ ጋር መኪና ውስጥ ቁጭ ብለን ሳለ፣ ባንዲራ ለብሰው መንገድ ዳር ከተሰበሰቡ ኢራናውያን መሀል አንድ ዘፈን ተሰማ። ሳላስበው ከእነሱ እኩል አንጎራጎርኩ። ፋርስኛ አንድ ቃል አላውቅም።

ልጅ ሆኜ በስደት ቤሪያ የሚባል ሰፈር ስንኖር፣ አንቲ ሺሪን የምትባል ኢራናዊት ልብስ ሰፊ ጎረቤት ነበረችን። እናቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ቮስሎሩስ ወዳለው ሱቋ ስትሄድ እኔን ለእሷ ትታኝ ትሄድ ነበር። ቤቷ ካውያ የነካው እርጥብ ጨርቅ ይሸታል። ያ ዘፈን ከካሴቱ ሲመጣ እግሯን ከስፌት መኪናው ላይ ታነሳና፣ ስፒሎቹን በከንፈሯ እንደያዘች እስኪያልቅ ትሰማለች።

«ስለ ምንድን ነው?» አልኳት አንድ ቀን።

ስፒሎቹን ከአፏ አወጣች። «ስለ አገሬ። እዚያ ሳለሁ ግን ሬዲዮ ላይ ሲመጣ እዘጋው ነበር።»

ካልወደደችው ለምን እንደምትከፍተው ግራ ገባኝ።

እናቴም ከሱቅ ተመልሳ ወጥ ስትሠራ በሀዲይኛ ታንጎራጉር ነበር። ከአንቲ ሺሪን ቤት ስመለስ ኮሪደሩ ላይ ሆኜ እሰማታለሁ። በሩን ስከፍት ታቆማለች። ቀጥዪ ስላት፣ «ይሄ ለአንቺ ምን ያደርግልሻል? እንግሊዝኛሽን አጥኚ» ትለኛለች።

አሁን እናቴ በሕይወት የለችም።

«ማሚ፣ ይሄ የእነሱ ነው» አለችኝ ልጄ ከኋላ ወንበር። «የእኛስ የቱ ነው?»

የእናቴን ዘፈን ጀመርኩላት። በሩን ስከፍት እሷ ታቆምበት የነበረው ቦታ ስደርስ አለቀብኝ።