ጅራቱ እንዴት አደረ?

በእኛ አገር ጠዋት ሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠያየቀው ስለ ሰው ነው፤ ከዚያ ስለ ከብቱ፣ ከዚያ ስለ ውርጩ። ያን በጋ ግን መንደሩ ሁሉ በካቡ ላይ አንገቱን እያሰገገ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «እትዬ፣ ጅራቱ እንዴት አደረ?» እኔም፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆሞ አድሯል!» እላለሁ። ይስቃሉ፣ እስቃለሁ። ሳቁ ግን ከጥርስ አያልፍም ነበር።

ጅራቱ የውሻዬ ነው። ለምን እንደሚጠየቅ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የልጅ ልጄ የእንስሳት ሕክምና ተምራ መጣች። እኔ ለበግና ለላም መስሎኝ እልል አልኩ። እሷ ለካ መሐል ሜዳ፣ ከገበያው በታች አንዲት ክፍል ተከራይታ የውሻና የድመት ቤት ልትከፍት ኖሯል። ክትባት፣ የትል መድኃኒት፣ የአንገት ማሰሪያ ምናምን።

«ለውሻ?» አልኳት።

«ለውሻ፣ እማማ።»

«እሺ፣ ውሻው ወረፋ ይይዛል ወይስ እንደኛ ተጋፍቶ ነው የሚገባው?»

ካብ የምንጋራው ጎረቤቴም ሰማ። በዕድሜ ያንሰኛል፣ በምላስ ግን እኩያዬ ነው። «እትዬ፣ ለውሻ ሐኪም ከመጣለት ለቁንጫውም ጠበቃ ይቁምለት እንጂ!» አለ። ሳቅን። እሷ አልሳቀችም፣ አልተቀየመችምም። «ያበደ ውሻ ሰው ይገድላል፤ ውሻው ቀድሞ ከተከተበ ግን ሰውም ይተርፋል» አለችን። እውነቷን ነው፤ ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው ሲሞት ያየ ሰው ሁለተኛ አያወራውም።

ታዲያ ለቤቷ ምልክት ያስፈልጋታል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ፣ እንደኔ ያለው፣ አንዴ አይቶ የማይረሳው። ሎጎ ይባላል አለችኝ። ከስልኳ አንዱን መርጣ በቆርቆሮ በሩ ላይ በቀይ ቀለም አሳለችው።

ቤቷን ላይላት ወረድኩ። በሩ ፊት ስደርስ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ዱካ ነው! አንድ መዳፍ፣ ከላዩ አራት ጣት፣ የሰው ፊት የሚያህል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ዱካ የሚታየው በጠዋት፣ በጎቹ ባደሩበት ደጃፍ፣ በውርጩ ላይ ነው። ያየው ሰው ከመናገሩ በፊት በጎቹን ይቆጥራል። ቀዩ ቀለም ደግሞ፣ ለመንገድ ይፈርሳል በተባለ ቤት ላይ የሚቀቡት ነው። አንዲት እንቁላል ሻጭ ቀና ብላ አየችውና አማትባ ወደ ማዶ ተሻገረች። የልጅ ልጄ ከውስጥ ብቻዋን ተቀምጣለች።

«ይቺ ጅብ የማንን በግ በልታ ነው እዚህ ያረፈችው?» አልኳት።

«ጅብ አይደለም እማማ፣ የውሻ መዳፍ ነው። በዓለም ሁሉ የውሻ ቤት ምልክቱ ይኸው ነው።»

«ዓለም በግ የላትማ!»

ሌላ አሳየችኝ። ስልኳ ላይ ውሻና ድመት አንገት ለአንገት ተቃቅፈዋል። «ይኼማ ሎጎ አይደለም፣ ስምንተኛው ሺህ ነው» አልኳት። ሌላው ላይ ውሻ ልብ አቅፎ ይስቃል። «የማን ልብ ነው? ማንን ቀዶ አወጣው?» ስልኳን አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ወረወረችው። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ እኔም ምላሴን ሰበሰብኩ።

በዚያው ሰሞን ከሞላሌ በኩል የሚመጡ ሰዎች ወሬ ይዘው መጡ። መንገድ መንገዱን የሚሄድ ውሻ አለ፤ አይጮህም፣ ወደ ጎን አያይም፣ ጅራቱን እግሩ መሀል ከቶ ለሀጩን እያዝረበረበ ወደፊት ብቻ ይሄዳል። አህያ ነክሷል አሉ። ከዚያ ጥጃ። ውሻውን ያየው ሰው ጥቂት ነው፤ ወሬው ግን በየገበያው ቀን እየቀረበን መጣ።

የልጅ ልጄም መርፌዋን ይዛ ወደኔ ወጣች። በመጀመሪያ የሚከተበው የእኛው ውሻ ይሁን አለች። ራሱን ጉያዬ ውስጥ ወሽቄ ያዝኩላት፣ ወጋችው። እሱ ታዲያ ተቀየመን። ጀርባውን ሰጥቶን ሄዶ ደጃፉ ላይ ቆመ። ከውጭ ብርሃን ስለሆነ ከጀርባው በቀር ምኑም አይታይም፤ ጥቁር ሆኖ፣ ጅራቱ እንደ ቀለበት ተጠቅልሎ ወገቡ ላይ ተቀምጧል።

«እማማ፣ ጤነኛ ውሻ ከሩቅ በምኑ ነው የሚያውቁት?» አለች።

«በጅራቱ ነዋ! ጅራቱ ከቆመ ሰላም ነው። ከወደቀ ዱላ ፈልግ ነው።»

እሷ ከምድጃው ከሰል አንስታ ግድግዳዬ ላይ አንዴ ሳበችው፤ ጀርባ፣ ጅራት፣ ጥቅልል። አለቀ። ዓይን የለው፣ ጥርስ የለው።

«እግሩስ?» አልኳት።

«እግሩን ያየ ሰው በግ ይቆጥራል አላሉኝም?»

የኔው ዘር ናት እኮ!

ቀዩን ዱካ አስፍቃ፣ በሩን ነጭ ቀብታ ጅራቱን በጥቁር አሳለችው። በዚያው ገበያ ቤቱ ስም ወጣለት፤ «ባለጅራቷ ዘንድ» ተባለ። ሰው ቆሞ ያየውና ይስቃል፣ ስቆ ይገባል። ውሻ እየጎተተ የሚመጣ አለ፣ በውሻ እየተጎተተ የሚመጣ አለ። እኔም አልቻልኩም፤ «ያ ጅራት የእኔ ውሻ ጅራት ነው» እያልኩ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ። አገሩ ሁሉ በሩ ላይ ያለው ውሻ የማን እንደሆነ አወቀ።

ጎረቤቴን ግን ለምነን አቃተን። «የኔ ውሻ መርፌ ከሚወጋስ ጎመን ቢበላ ይቀለዋል» ይላል። ውሻውን ሲወደው ለጉድ ነው፤ ከእጁ ነው የሚያጎርሰው።

አንድ ጠዋት፣ ፀሐይ ገና ካቡን ሳታልፍ፣ ያ ከሞላሌ በኩል የተወራለት ውሻ እኛ ደጅ ደረሰ። በጎቹ ባንድ ጥግ ተጣበቁ እንጂ ድምፅ አላሰሙም። ውሻዬም ሳይጮህ ተያያዘው። ውሻ ሳይጮህ ሲጣላ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው። እኔ እሪ አልኩ። ጎረቤቴ ካቡን ዘሎ በዱላው ራሱን አለው፣ ደገመው፣ ያ እርኩስ ወደቀ። በእንጨት እየገፋን ጉድጓድ ከተን አፈርና ድንጋይ ጫንበት።

በእኛ ደንብ ያበደ ውሻ የነከሰው ውሻ ያንኑ ቀን ይገደላል። የኔው ደግሞ ታፋው ደምቷል። ጎረቤቴ ዱላውን አልጣለም። «እትዬ፣ ካዘኑ ዞር ይበሉ፤ እኔ እጨርሰዋለሁ» አለኝ።

«ያንተስ ውሻ?» አልኩት።

«የኔ አልደረሰም። ታስሮ ነው ያደረው።»

ከጀርባው፣ ካቡ ሥር፣ የሱ ውሻ ትከሻውን ይልስ ነበር። አንገቱ ላይ የተበጠሰ ገመድ ተንጠልጥሏል። በአገጬ አሳየሁት። ዞር ብሎ አየና፣ «አሁን ነው የበጠሰው» አለ።

ስልክ አስደወልኩ፤ የልጅ ልጄ ባገኘችው መኪና ደረሰች። የውሻዬን ቁስል አጠበች፣ ደግማ ወጋችው፣ በሰንሰለት አሰረችው። «ክትባቱ ቀድሞ ገብቷል፤ አይገደልም። እስኪለይለት ማንም አይጠጋው» አለች። ወደ ጎረቤቴም ዞራ፣ «ጋሼ፣ የእርስዎንም ልየው» አለችው።

«የኔ ውሻ ምን ሆነና ነው የምታዪው!» ብሎ ገመዱን ጠቅልሎ ይዞት ገባ።

ማታ ሁለታችን ስንቀር እንዲህ አለችኝ። «እማማ፣ ይህ ውሻ ካበደ የቤቴ በር ላይ ያለው ውሻ አበደ ነው የሚባለው። ከዚያ በኋላ አንድም ሰው ውሻውን አያመጣልኝም። ውሻው ካልተከተበ ደግሞ ሰው ነው የሚሞተው።»

እንዲህ ነው እንግዲህ ጅራት መጠበቅ የጀመርነው። የልጅ ልጄ ሥራ በሙሉ በአንድ ውሻ ጅራት ላይ ተሰቀለ። ምግቡን በረጅም እንጨት እገፋለታለሁ፤ እሱ የሰንሰለቱ ጫፍ ድረስ መጥቶ ያየኛል። እኔም አየዋለሁ። ለብዙ ዓመት ያወቅኩትን ዓይን እንደ እንግዳ ዓይን አየው ነበር። ጎረቤቶቼም በየጠዋቱ ያቺኑ ጥያቄ ይጠይቁኛል፤ ጎረቤቴም አብሮ ይጠይቃል።

ከዕለታት አንድ ቀን ማንም አልጠየቀኝም። ከኔ ቀድመው አይተውት ኖሯል። ጅራቱ ወድቋል።

ካቡ በሰው ተሞላ። ጎረቤቴ ዱላውን ይዞ መጣ። «በሉ እትዬ፣ አሁንስ?» ምንም የምቀልደው አላገኘሁም። ያበደ ውሻ ውሃ አይጠጣም ሲባል ነው ያደግኩት። በጣሳ ውሃ ቀዳሁና በእንጨት ገፋሁለት። ውሻዬ ዓይኑን ውሃው ላይ ተከለ። አየው፣ አየው። ከዚያ አንገቱን ደፋና ላፍ ላፍ አድርጎ ጨረሰው።

«ይኸው! ጠላ ብሰጠውማ ይደግም ነበር!» አልኩ። እዚያው መሬት ላይም ተቀመጥኩ።

የልጅ ልጄ መጥታ ስታየው የጅራቱ ሥር አብጧል፤ በጠቡ ጠዋት የተነከሰው እዚያም ኖሮ በውስጥ መግሏል። አፍርጣ አጠበችለት። ጅራቱ ውሎ አድሮ ተነሣ፣ ግን ወደ አንድ ጎን ጠመመ። «ሎጎሽ ተንጋደደ» አልኳት። «በሩ ላይ ያለው ከቆመ ይበቃኛል» አለችኝ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። በሚቀጥለው ገበያ ውሻ የሚጎትተው ሰው በዛ።

ታዲያ እኛ ስንስቅ ጎረቤቴ ስለ ጅራት መጠየቁን ተወ። ውሻው ደጅ አይታይም፤ ከጓዳ ግን ድምፁ ይሰማል፣ ጎርንኖ፣ ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ሰው ይመስል።

«አንተ ጎረቤት፣ ውሻህን ጉንፋን ያዘው እንዴ?» አልኩ በካቡ ላይ።

አልመለሰልኝም። እኔም ያን ቀን ደግሜ አልጠራሁትም።

በማግስቱ የልጅ ልጄ ደወለች። ማለዳ ቤቷን ልትከፍት ስትሄድ ጎረቤቴ በሩ ሥር ቆሟል፤ አንድ እጁን በጋቢው ጫፍ ጠቅልሏል። ሲያጎርሰው ነክሶታል። ውሻውን በገዛ እጁ ገድሎ፣ ቀብሮ ነው የመጣው። ከተማውን እምብዛም አያውቀውም፤ እንዴት አገኘኸው ሲሉት፣ «ምን ብዬ እጠይቃለሁ? አፌ እሺ አላለኝም። ጅራቷን አየሁ፣ ቆምኩ» አለ።

እሷ እጁን በሳሙና አጥባ፣ ደግማ አጥባ፣ ይዛው ጤና ጣቢያ ሄደች። መርፌ ጀመሩለት። የእሱን የመጀመሪያ ቀን ፌዝ፣ የቁንጫውን ጠበቃ፣ አንዳችንም አላነሣነውም።

ሐኪሞቹ በጊዜ መጥቷል፣ ይተርፋል ይላሉ። የልጅ ልጄም ትላለች። እኔ ግን በየጠዋቱ በጣሳ ውሃ ይዤ ወደ ካቡ እሄዳለሁ።

«ጅራትህ እንዴት አደረ?» እለዋለሁ።

«ቆሞ አድሯል፣ እትዬ» ይላል። ጣሳውን ይቀበለኛል። ከመጠጣቱ በፊት ውሃውን ትንሽ ያየዋል፤ እኔ እሱን አየዋለሁ፤ ውሻዬ በተንጋደደ ጅራቱ አጠገቤ ቆሞ ሁለታችንንም ያየናል። ከዚያ ይጠጣና ጣሳውን ገልብጦ ባዶውን ያሳየኛል።

ዛሬም ጠጥቷል። ጣሳውን ግን አልገለበጠውም፤ ትንሽ አስተርፎ መለሰልኝ። «ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ እትዬ» አለ።

ውርጭ ነው እንግዲህ፣ ይቀዘቅዛል። ነገ ሞቅ አድርጌ አመጣለታለሁ።