ሦስት ጠርዝ ነክታ የተመለሰችው ኳስ

ባለፈው ሳምንት ሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል ውስጥ፣ የፑል ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ የተቀመጠ ሰማያዊ ጠመኔ አነሳሁ። ደረቅ የአቧራ ሽታው ታቦር ሰፈር ወደነበረው ፑል ቤት መለሰኝ።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። የፑል ቤቱ ባለቤት የቀድሞ የሲኒማ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ሲኒማ ድምፅ ማውጣት በጀመረበት ሰሞን የተሠራ ስለ ፑል ጨዋታ የሚያሳይ አጭር የፈረንጅ ፊልም በቪዲዮ ካሴት ነበራቸው፤ እሑድ ከሰዓት ይከፍቱታል። ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰውዬ ኳሶቹን እንዳሻው ያዛቸዋል። ንግግሩ ይንሿሿል፤ ኳስ ከኳስ ሲጋጭ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። ሴት ልጅ እዚያ ስለማትገባ የማየው በመስኮት ነበር። ነጯ ኳስ ሦስት ጠርዝ ነክታ ተመልሳ ሁለት ኳሶች የምታስገባበትን ምት ወደድኩት። ቤት ውስጥ የአባባን መጻሕፍት ጠርዝ አድርጌ፣ በብይና በእርሳስ ስሞክረው ከረምኩ።

አንድ እሑድ ዝም ብዬ ገባሁ።

«እህቴ፣ የጠረጴዛውን ጨርቅ ትቀጂዋለሽ። ውጪ ሆነሽ እዪ» አለኝ አንዱ ተጫዋች።

«ከቀደድኩት እሰፋዋለሁ» አልኩት።

ሳቁ። ባለቤቱ ግን መምቻውን ስቲክ አቀበሉኝ። «ሦስት ጊዜ ትሞክር፤ ተዉአት።»

የመጀመሪያውን ሳትኩ። በሁለተኛው ኳሷ ከጠረጴዛው ዘላ አግዳሚው ሥር ገባች፤ ሳቁ ባሰ። ሦስተኛውን መታሁ። ነጯ ኳስ ሦስቱን ጠርዝ ነክታ ተመለሰች፤ ሁለቱም ኳሶች ገቡ።

ዞር ስል አባባ በር ላይ ቆመዋል። መምህር ነበሩ፤ እዚያ ካሉት ብዙዎቹን አስተምረዋል። አንዱ ሄዶ ነግሯቸው ኖሯል።

«እንሂድ» አሉኝ።

ቤታችን በር ላይ ስንደርስ፣ «ደግመሽ ትሄጃለሽ?» አሉ።

«ቢቆጡኝም እሄዳለሁ፣ አባባ።»

ሳምንቱን ሙሉ አላናገሩኝም። በሚቀጥለው እሑድ ጫማዬን አድርጌ ስወጣ፣ ጋዜጣ በብብታቸው ይዘው በሩ ላይ ይጠብቁኛል። አብረን ሄድን። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጋዜጣውን ዘረጉ። አንዱ ሊስቅብኝ ሲጀምር ጋዜጣውን ዝቅ አድርገው አዩት፤ ከዚያ በኋላ የሳቀ አልነበረም።

አባባ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ያን ቀን ተጫውቼ እስክጨርስ ከጋዜጣው አንድ ገጽ እንኳ አልገለጡም።