«እዚችው ናት»

ባሌ ሙሉሃብት ዕድሜውን ሙሉ መኪና ነዳ እንጂ መቸኮል አልፈጠረበትም። የላሊበላ ሆቴል ላንድሮቨር ሾፌር ነበር። እንግዳ ጭኖም ቢሆን መንገድ ላይ ሽማግሌ ካየ ሞተሩን አጥፍቶ ይወርዳል። «እንደምን ከረሙ? ከብቱ ደኅና? አዝመራው እንዴት ነው?» ይላል። እኔ ስናደድበት «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይለኛል። «አንተ ደግሞ ቀስ ብለህም ታፈሳለህ!» እለዋለሁ። ይስቃል።

ዘመኑ የደርግ ነው። ወንበዴ በላስታ ገደላገደል ገባ፣ ወጣ ይባላል። ከከተማው መውጫ ኬላ ቆሟል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚመጣ መኪና ለወንበዴ ስንቅ አድርሶ ነው የሚመለሰው ተብሎ ይያዛል። ጋሻዬ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ጎማ ፈንድቶበት አመሸ። «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ብለው ወሰዱት፤ ሚስቱ በር በሩን ስታይ ዓመት አለፋት። እንግዲህ እኔም ባሌ በወጣ ቁጥር ዓይኔ ከፀሐይዋ ላይ አይነቀልም ነበር።

ከጥምቀት በኋላ ከአዲስ አበባ ባልና ሚስት መጡ፤ አቶ ዘውገና ወይዘሮ ዓለምእሸት። ጡረታ ወጥተው አገር ለማየት ነው። ሙሉሃብት ጠላ ቅመሱ ብሎ ቤታችን አመጣቸው።

«አቶ ሙሉሃብት፣ ሳንጣደፍ አገሩን እያየን የምንዝናናበትን ጉዞ ያውጡልን» አሉት አቶ ዘውገ።

ይሄን መጠየቅ ለሱ ሠርግ ነው። ከሰፌዴ ላይ የምለቅመውን ባቄላ ዘገነና መሬቱ ላይ ይደረድር ጀመር። ይቺ ባቄላ ላሊበላ። ይቺ ወንዙ፣ ወርደን እንታጠባለን። ይቺ ጥዱ ሥር፣ እናርፋለን። ይቺ ብልባላ፣ መኪናውን እዚያ አቁመን በእግር እንሄዳለን። በማግስቱ ደግሞ ወደ ኩልመስክ፣ እሱም እያረፍን። «ሰው ከደከመው ዓይኑ ተከፍቶም አያይ» አላቸው። እውነቱን ነው፤ ደስ የሚል አወጣጥ ነበር። ብቻ ከብልባላ ባቄላ ቀጥሎ የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ባቄላ ጎን ለጎን አስቀመጣት። በመሃል ምንም የለም።

«በእግር ሩቅ ነው እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ዓለምእሸት፣ እግራቸውን እያሻሹ።

«ኧረ እዚችው ናት!»

ባቄላ መልቀሜን ተውኩ። የኛን አገር ሰው የማያውቅ አይፍረድብኝ፤ እኛ መንገደኛን ሩቅ ነው አንልም። ነውር ነው። ሩቅ ነው ማለት ጉልበቱን መስበር ነው፣ ማሟረት ነው። ተራራ የቀረውንም «ደርሰሃል፣ እዚችው ናት» ብለን እንሸኘዋለን። እርስ በርሳችን እንተዋወቃለን፤ «እዚችው ናት» የተባለ ስንቁን ይጨምራል። እነዚህ ግን የአዲስ አበባ ሰዎች ናቸው፤ የሰሙትን አመኑ።

እንግዶቹ ሲወጡ ጮኽኩበት። «በሞቴ፣ ብልባላ እደሩ በላቸው! በዚህ እግራቸው ፀሐይ ሳትጠልቅ አትመለሱም!»

«እንግዳዬን ሩቅ ነው ብዬ ላስፈራራ? ምን ነካሽ ደብሪቱ?»

«ጋሻዬ ትዝ አይልህም?»

ባቄላዎቹን ለቅሞ ሰፌዴ ላይ መለሰልኝ።

ጠዋት ኬላው ላይ የመቶ አለቃው መቼ ትመለሳላችሁ ሲላቸው አቶ ዘውገ ቀድመው መለሱ አሉ። «ቅርብ ነው ብሎናል። ቢዘገይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንመለሳለን።» ይሄን የነገረኝ ከፋለ ነው፤ የጎረቤቴ የወለተ ሩፋኤል ልጅ፣ ኬላ የሚጠብቅ ሚሊሻ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ!

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ሳይመጡ ሲቀሩ ኬላው ሄጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጥላው ረዘመ። የመቶ አለቃው ሰዓቱን ያያል፣ መንገዱን ያያል፣ እኔን ያያል። የሩቅ አገር ሰው ነው።

«የት ደርሰው ይሆን?» አለኝ።

«ደርሰዋል ጌታዬ፤ እዚችው ናቸው» አልኩ። ሌላ ምን ልበል!

ፀሐይዋ ጠለቀች። ዓይን ለዓይን መተያየት ሲያስቸግር የመኪናው መብራት ከዳገቱ ብቅ አለ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ ልማዱ። ቶሎ ና አንተ ሰው፣ ዛሬ እንኳ ቸኩል!

አስቆሟቸው። ወይዘሮ ዓለምእሸት የኋላው ወንበር ላይ ተጋድመዋል፣ እግራቸው በነጠላ ተጠቅልሏል። አቶ ዘውገ ዘለው ወረዱ።

«ባለቤቴ መራመድ አቅቷት ነው! ቅርብ ነው ብሎን ቀኑን ሙሉ ተጓዝን! እሱ ምንም አላጠፋም!»

ሊያድኑት ነበር እኮ። የመቶ አለቃው ወደ ሙሉሃብት ዞረ።

«ቅርብ ነው ብለሃል?»

«ብያለሁ ጌታዬ።»

«ቅርብ ከሆነ ምን ስትሠራ አመሸህ? ማን ጋ ነበርክ?»

«መንገዱ... ሩቅ ነው ጌታዬ።»

«ታዲያ ለምን ዋሸህ?»

«የአገሩ ወግ ነው ጌታዬ! እንዲያ ነው የሚባለው!» ብዬ ጮኽኩ። ከፋለ ያውቃል፤ ግን መሬት መሬት ያያል። የመቶ አለቃው የሆነ ወግ ሊሰማ አልቆመም።

እንግዶቹን ወደ ሆቴሉ ሰደዷቸው። ባሌን ወታደራዊው መኪና ላይ ሲያወጡት ዞሮ አየኝ፤ ምንም አላለም። እሱ፣ ላገሩ ሁሉ ሰላምታ የማይታክተው ሰው!

የከፋለን ክንድ ያዝኩ። «የት ነው የሚወስዱት? በማርያም ንገረኝ!»

«ወልድያ ነው አሉ፣ ለአንድ ጥያቄ ነው» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «አይዞሽ እትዬ ደብሪቱ። ቅርብ ነው። እዚችው ናት።»

እጄን ከክንዱ ላይ አነሳሁ። የላስታ ልጅ አይደል!

ቤቴ ገብቼ የገብሱን እንስራ አወረድኩና ለበሶ መቁላት ጀመርኩ። ወለተ ሩፋኤል ጭሱን አይታ መጣች።

«ምን ሆንሽ? የምን ስንቅ ነው በዚህ ሰዓት?»

«ሙሉሃብትን ወሰዱት። ልከተለው ነው። እዚችው ናት አለኝ ልጅሽ።»

ቤቷ ሄዳ የራሷን ገብስ ተሸክማ መጣች።