ጉደታ ስንተኛ ነው?

ይርጋነሽ ባየ ቢቸና ገበያ ላይ ጤፍ ትሸጣለች። ከመስፈሯ በፊት የገዢውን ዘር ትጠይቃለች። «የማን ልጅ ነህ? የእሱስ አባት?» እያለች ወደ ላይ ትወጣና አንድ የምታውቀው ስም ላይ ስትደርስ «በል ዘመዴ ነህ» ብላ አንድ እፍኝ ትመርቅለታለች። በዚህ ዓይነት ቢቸና ውስጥ ያልተዛመደችው ሰው ጥቂት ነው።

ከወለጋ ተመድቦ የመጣው ወጣቱ የጤና ባለሙያ ስሙን ሲነግራት መስፈሪያውን አስቀምጣ ሳቀች።

«ጉደታ? የእኛም የሩቅ አያት ጉደታ ነው እኮ! ኦሮሞ ነበር፤ ዓባይን ተሻግሮ መጥቶ እዚህ ጎጆ ወጣ።»

«ታዲያ ዘመድ ነን ማለት ነው፣ እትዬ?»

«እስክናጣራ ድረስ ነን» አለችና ሁለት እፍኝ መረቀችለት።

አንዳንድ ዘመዶቿ ዘር ሲቆጥሩ ጉደታ ላይ ሳይደርሱ ይቆማሉ። እሷ ይህ አይገባትም። «ካልወለደን አይቆጠር፤ ከወለደን ግን ምኑ ያሳፍራል?» ትላለች።

ባሏ ካረፈ ወዲህ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። ስለዚህ ቢያዝን የተባለ የሞጣ መምህር ልጇን ስርጉትን ለማግባት ሽማግሌ ሲልክ፣ ዘር የምትቆጥረውም እሷው ሆነች። በአገሩ ወግ ዝምድናቸው ከሰባት ቤት ያላለፈ አይጋቡም። በባሏ ወገን ምንም አልተገኘም። በእሷ ወገን ሲጣራ ግን የሙሽራው አጎት አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ የሙሽራውን ዘር ከራሱ ጀምረው እየቆጠሩ ስምንተኛው ላይ ሲደርሱ «ጉደታ» አሉ።

«የትኛው ጉደታ?» አለች ይርጋነሽ።

«ከዓባይ ማዶ የመጣው ነዋ። አንዱ ልጁ ወደ ሞጣ ወጣ፤ ሌላው እዚሁ ቀረ።»

ይርጋነሽ ጣቶቿን እያጠፈች ቆጠረች። ስርጉት፣ ይርጋነሽ፣ ባየ፣ ገብረ ማርያም፣ ወልደ ኪዳን፣ ተሰማ፣ ጉደታ። አንድ ስም ብትጨምር ማንም አያውቅባትም ነበር። ከጓዳው በር ጀርባ ስርጉት እያዳመጠች ቆማለች።

«በእኛ በኩል ሰባተኛ ነው» አለች ይርጋነሽ። ከጓዳው ልቅሶ ተሰማ።

«እርስዎ ካሉ አለቀ» አሉ አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ አዝነው። የሞጣ መኪና እስኪሞላ እንኳ እህል ቅመሱ ብላ ሽማግሌዎቹን አስቀመጠችና፣ ለሰርጉ ጌሾ ወደሚወቅጡት ወደ አባቷ እህት ወደ እማሆይ አስናቀች ሄደች።

«ይተዉት እማሆይ፤ ሰባት ሆነ።»

«ማን ሰባት አደረገው?»

እንደገና ቆጠረችላቸው። «ገብረ ማርያም ከወልደ ኪዳን» ስትል እማሆይ ዘነዘናውን ጣሉት።

«ወልደ ኪዳን አባቱ ነው ያለሽ ማነው? አያቱ ነው እንጂ! አባቴ ገና ሲድህ አባቱ ዳምጤ በንዳድ ሞተ። አያቱ ወልደ ኪዳን አሳደገው፤ በአሳዳጊው ስም ተጠራ፤ በዚያው ቀረ። ምነው ልጄ፣ የአገሩን ዘር ስትለቅሚ የራስሽን ጣልሽው?»

ይርጋነሽ እማሆይን በባጃጅ ጭና ተመለሰች። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ሰምተው ፈገግ አሉ።

«ሰርግ ሲቀርብ ቅድመ አያት ይወለዳል እንዴ?»

«ዳምጤ ማሳን የማያውቅ አለ?» አሉ እማሆይ ተቆጥተው። «ማሳው በማን ስም የተጠራ መሰላችሁ?»

ከይርጋነሽ ወገን የተቀመጡት የጎረቤት ሽማግሌ አቶ ገብረ ሚካኤል ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «አርሼዋለሁ እኮ! ስንት ዘመን አርሼው፣ ዳምጤ ማነው ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስም እጃቸውን ዘረጉ። «ማሳው የሚመሰክርለትን ሰው አልተወለደም ማለት አይቻልም። ስምንት ነው፤ ሰርጉን ደግሱ!» ስርጉት ከጓዳ ወጥታ ጉልበት ስትስም እንባዋ ገና አልደረቀም ነበር።

በጥር ሰርጉ ሲደገስ የጤና ባለሙያው ጉደታም ተጠራ። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ስሙን ሲሰሙ ጉርሻቸውን አቆሙ።

«አንተ ደግሞ በየትኛው ወገን ነህ?»

«እትዬ ይርጋነሽ እስኪያጣሩ ድረስ በሁለታችሁም» አለ።

«ለመሆኑ የአባትህ አባት ማን ይባላል?» አለች ይርጋነሽ ጣቶቿን ዘርግታ። የመጀመሪያውን ጣት ሳታጥፍ ግን የሞጣ ሚዜዎች እጇን ይዘው ወደ ጭፈራው ጎተቷት።