እህቴ ያላመነችው ሐር

ታላቅ እህቴን እታለም እላት ነበር። ደብረ ታቦር ገበያ ካሉት የሰልባጅ ነጋዴዎች ያረጀ የሐር ልብስ ትገዛለች፤ ክሩን እየፈታች በጨርቅ ላይ ሥዕል ትጠልፍበታለች። ሕይወቷን ሁሉ መጻፍ አልችልም። ስለ ክብሪቷ ብቻ ልጻፍ።

ደንበኛዋ የሆነ አንድ ነጋዴ፣ "እትዬ፣ ማርያምን! ንጹሕ ሐር ነው" ሲላት፣

"ማርያምን ተዋት፤ እሳት ይመስክር" ትለዋለች።

ከጨርቁ ጫፍ ክር መዝዛ ትለኩሳለች። ሐር ሲቃጠል እንደ ፀጉር ይሸታል፤ ናይሎን ግን የላስቲክ ሽታ አለው። ጢሱን አፍንጫዬ ሥር ታመጣና፣ "ምን ሸተተህ?" ትለኛለች።

"ፀጉር።"

"እርግጠኛ ነህ? ጉንፋን ይዞህ እንዳይሆን!"

ከዚያ ራሷ ታሸትተዋለች። እኔንም አታምንም ነበር። ነጋዴው ይስቃል፤ እኔ እናደዳለሁ።

ስትሞት የጉናን ተራራ እየጠለፈች ነበር። ተራራው አልቋል፤ ሰማዩ ግን ግማሽ ቀርቷል። እኔ ልጨርሰው አሰብኩ፤ ናይሎን ከገባበት ግን ሥራዋ ሁሉ ይበላሻል። ባለፈው ቅዳሜ ያው ነጋዴ ሰማያዊ ሻርፕ ይዞ ቤታችን መጣ።

"ለእሷ መታሰቢያ ይሁን፤ ገንዘብ አልፈልግም" አለኝ።

በነጻ መስጠቱ ይበልጥ አጠራጠረኝ። ክብሪቷን አውጥቼ ከሻርፑ የመዘዝኩትን ክር ለኮስኩ። ፀጉር ፀጉር ሸተተኝ። ነጋዴው አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል። እኔም ሳላስበው ጢሱን እሷ ትቀመጥበት ወደነበረው ባዶ ወንበር አዞርኩ።

ሻርፑ ሐር ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን "እርግጠኛ ነህ?" የሚለኝ ሰው የለም፤ ሰማዩም እስካሁን ግማሽ ነው።