ከእሷ ኮምፒውተር በቀር

በሆስፒታሉ የመረጃ ክፍል «እማማ ጃቫ» ይሏታል። አርባ እንኳ አልሞላትም፤ ግን ቅጽል ስም የልደት ወረቀት አይጠይቅም። የበሽተኛ ካርድ ከመደርደሪያ ወርዶ ኮምፒውተር ውስጥ የገባው በእሷ ነው። ማንም በነጻ የሚያወርደውን፣ ኮዱ ለሁሉም የተከፈተ፣ ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ፍሬምወርክ፣ ማለትም ሌላ ፕሮግራም የሚቆምበት ዝግጁ መሠረት፣ ከኢንተርኔት አምጥታ የካርዱን ሲስተም በእሱ ላይ ሠራች። ያን ጊዜ ተጨበጨበላት። ጭብጨባው አለቀ፤ እሷ ግን እዚያው ቀረች።

ባሏ ወደ ሌላ ከተማ ከተዛወረ ሁለት ዓመት አልፎታል። «ዛሬ ነገ እከተላችኋለሁ» ስላለች ልጃቸውንም ይዟት ሄዷል። ትንሿ አሁን አክስቷን «እማዬ» ማለት ጀምራለች። ባልየው ይህን በስልክ እየሳቀ ሲነግራት አብራው ሳቀች፤ ስልኩን እንደዘጋች የዝውውር ደብዳቤዋን አወጣች። ዝውውሯ ተፈቅዷል፤ የሚቀበላትም መሥሪያ ቤት አለ። የቀረው የክፍሉ ኃላፊ ፊርማ ነው። እሱ ደግሞ «ሌላ ሰው ሲስተሙን ሲጭን በዓይኔ ልይና እፈርማለሁ» ብሎ ቁጭ ብሏል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው።

ሲስተሙ ውስጥ አንዲት ነገር በተነካች ቁጥር ኮዱ ሁሉ እንደ አዲስ ወደሚሠራ ፕሮግራም ይቀየራል፤ ይህን «መገንባት» ይሉታል፤ ከዚያ ሆስፒታሉ ሁሉ በሚጠቀምበት ዋና ኮምፒውተር፣ በሰርቨሩ ላይ ይጫናል። እሷ ስትገነባው ደህና ይሠራል። ሌላው ያንኑ ኮድ ወስዶ፣ ያንኑ ትእዛዝ ጽፎ በራሱ ኮምፒውተር ሲገነባው ግን ሰርቨሩ ላይ የበሽተኛው ስም ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ «እንግዲህ ጥያቄ ምልክት የተባላችሁ ግቡ ልበል?» ብላ ሰልፈኛውን ያሳቀችው ያኔ ነው። ሁለት ተተኪዎች ሞክረው፣ አፍረው ሄዱ። ኃላፊው በመጨረሻ «የእጅ ነገር ነው» አለ፣ ስለ ስፌት የሚያወራ ይመስል። የሚያናድደው፣ እሷም ቀስ በቀስ ማመን ጀመረች።

ሦስተኛው ተተኪ «ጨዋው» የሚሉት ነው፤ ሌላውን ሳያሳልፍ በር የማያልፍ ሰው። አንድ ጠዋት የሁለቱን ኮምፒውተር እያስተያየ፣ «እህቴ፣ ይቺ የፍሬምወርኩ ፋይል አንቺ ጋ ያለችው ለምንድን ነው ከኔዋ የምትበልጠው?» አላት።

ትዝ አላት። ገና በመጀመሪያው ሰሞን ስሞቹ እየተበላሹ ሲያስቸግሯት የፍሬምወርኩን የራሱን ኮድ ከፍታ አንድ ቦታ አርማ፣ ገንብታ፣ ኮምፒውተሯ ላይ ጭናው ነበር። ለጊዜው ብላ ነው፤ ስሙንም የዕትም ቁጥሩንም አልቀየረችም፤ ስለዚህ ከዋናው የተለየ መሆኑ አይታወቅም። የሌላው ሰው ኮምፒውተር ያልታረመውን ከኢንተርኔት ያወርዳል፤ የታረመው እሷ ጋ ብቻ አለ። ሁለት ዓመት የታሰረችበትን ገመድ የቋጠረችው ራሷ ናት። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ያንኑ ዕለት የታረመውን ገልብጣ ሰጠችው። ጨዋው ገንብቶ መሞከሪያው ሰርቨር ላይ ሲጭነው ስሞቹ ፊደል በፊደል ወጡ። እሷ ለባሏ ደውላ፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ለልብሷ ቦታ እንዲለቅላት ነገረችው።

በማግስቱ ኃላፊው መጥቶ ከጨዋው ጀርባ ቆመ። ተገነባ፤ ዋናው ሰርቨር ላይ ተጫነ። ከላይ እስከ ታች የጥያቄ ምልክት።

«አላልኩሽም?» አለና ኃላፊው ወደ ቢሮው ተመለሰ።

ኪቦርዱን ከጨዋው ፊት ስባ ፈለገች። የሰጠችው ቅጂ የለም።

«አጠፋኸው?»

«አጠፋሁት።» አንገቱን ደፋ። «አትቀየሚኝ እህቴ። የኔም ሚስት ሌላ ከተማ ናት፤ ዝውውር ጠይቄያለሁ። ትላንት ስሞቹ ሲወጡ ደስ አለኝ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን አንቺ የምትለቀቂው እኔ ስያዝ ነው።»

«ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ማለት ነዋ።»

«ሂጂና ንገሪው። አልክድም።»

በጥፊ ልትለው ቃጣት። ይበልጥ ያንገበገባት ግን እውነቱን መሆኑ ነው። አልነገረችበትም። የራሷን ኮምፒውተር ከነሽቦው ነቅላ፣ አቅፋ፣ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«ይኸው ጋሼ፤ የእጅ ነገር አይደለም። ያረምኩት ፍሬምወርክ እዚህ ውስጥ አለ። ማንም ተቀምጦ ቢገነባበት ስሞቹ ይወጣሉ፤ እርስዎም ይችላሉ። ይፈርሙልኝ።»

ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም። ኮምፒውተሩን አየ፣ እሷን አየ፣ እስክሪብቶውን አነሳ። ከዚያ ብድግ ብሎ በሩን ከፈተና ክፍሉን ጠየቀ።

«ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ላይ የሚሠራው ማነው?»

እዚያ የተቀመጠ እንደማይለቀቅ ሁሉም አይቷል። ነግ በኔ ያላለ አልነበረም። አንዱ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስር ጀመር፣ ሌላዋ ያልጠራ ስልክ አነሳች። ጨዋው ከሁሉም ይልቅ አቀርቅሯል። ኃላፊው ጠበቀ፤ ከልቡ ጠበቀ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ «አየሽ» አላት፣ ቀስ ብሎ። እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ።

ይህን ጊዜ የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ በሩ ላይ ደረሰች። አሁን አልቀለደችም። «ኧረ እባካችሁ፣ ስሙ የጠፋ ሰው እስከ ግቢው በር ተሰልፏል። ሕፃን ያዘሉ አሉ» አለች።

እማማ ጃቫ ኮምፒውተሩን ከጠረጴዛው ላይ መልሳ አቀፈችው። ጨዋው ፈጠን ብሎ ተነስቶ በሩን ያዘላት። ሰካችው፣ ገነባችው፣ ጫነችው፤ ስሞቹ ተመለሱ።